ጆሉ የኛ ሰው ነው

«ሊትል ብራዘር»ን ከሚወዱት ወገን ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ብዙ ስለምነዘንዘው ነው። ካናዳዊው ኮሪ ዶክተሮው መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያሳትም ማንም ሰው ከድረ ገጹ በነፃ እንዲያወርደው ፈቅዶ ነበር። ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቻናል እየተንከባለለ እዣ ወረዳ፣ አገና ከተማ ድረስ መጥቷል። (ከደራሲው ኪስ ሳልሰርቅ ያነበብኩት ፒዲኤፍ ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ። ማርከስ ያሎው የ17 ዓመት የሳን ፍራንሲስኮ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪን በአረማመዱ የሚለይ ካሜራ ተክሏል፤ ማርከስ ጫማው ውስጥ ጠጠር ጨምሮ አረማመዱን ያበላሽበታል። አንድ ቀን ጌም ለመጫወት ከክፍል ሹልክ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሲዞር አሸባሪዎች የከተማዋን ትልቅ ድልድይ ያፈነዳሉ። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሰዎች ልጆቹን አፍሰው ድብቅ እስር ቤት ያስገቧቸዋል። ማርከስ ከቀናት በኋላ ይፈታል፤ ጓደኛው ዳሪል ግን አይመለስም። ከተማዋ በሙሉ በክትትል ሥር ትወድቃለች። ማርከስም በጌም መጫወቻው በኤክስቦክስ ላይ «ኤክስኔት» የሚባል ስውር መረብ ዘርግቶ የተማሪ ጦርነቱን ይጀምራል። ጊዜው «ነገ ከነገ ወዲያ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሚሳፈሩት ባቡርም የሚይዙት ስልክም የዛሬው ነው።

መጽሐፉን ያነበቡ ወዳጆቼ የሚያነሱት ዋናው ክስ «ልብ ወለድ ሳይሆን የኮምፒውተር ትምህርት ነው» የሚል ነው። ልክ ናቸው። ማርከስ ነፍሱ ተይዛ እያለ እንኳ ቆም ብሎ ምስጠራ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳችኋል። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እነዚህን ገጾች ነው። የሒሳቡን ነገር በራሴ ምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያለበት ከተማ ውስጥ 10 አሸባሪ አለ እንበል። ከመቶ ሰው 99ኙን በትክክል የሚለይ፣ አንዱን ብቻ የሚሳሳት ማሽን ገዛን። ጎበዝ ማሽን ነው። ሚሊዮኑን ሰው ሲፈትሽ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ንጹሕ ሰው «አሸባሪ» ይላል። አሥሩን ሁሉ ቢይዝ እንኳ ከ10,000 ተጠርጣሪ መሐል አሥሩን ለቅማችሁ አውጡ ማለት ነው። ማርከስና ጓደኞቹ የሚሠሩት ይህንን ስሕተት ማባዛት ነው። የመንገደኞችን የትራንስፖርት ካርድ መረጃ እርስ በርስ ያቀያይሩታል፤ ወደ ሥራው የሚሄደው ሰላማዊ ሰው ሁሉ አጠራጣሪ ይሆናል፤ ፖሊስ ሁሉን ያስቆማል፤ ሕዝቡ ይማረራል። ስለላው ውጤት የማያመጣ ሞኝ ሥራ መሆኑን ማሳየት ነው ዓላማቸው።

አገና ቁጭ ብዬ ሳነብ መጽሐፉ መጀመሪያ የተሰነጠቀብኝ እዚህ ጋ ነው። የማርከስ ሒሳብ የሚያሸንፈው ሰላዩ በእውነት የሚፈልገው ሰው ኖሮ ሲያጣው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የቴሌኮም ክትትል ያወጣው ሪፖርት አለ፤ ርዕሱ «የምናደርገውን ሁሉ ያውቃሉ» እንደማለት ነው። እዚያ ውስጥ የተጠየቁ ሰዎች እንደተናገሩት፣ ምርመራ ላይ የጥሪ ዝርዝራቸው ይቀርብላቸው ነበር፤ የተቀዳ የስልክ ንግግራቸውን ያሰሟቸውም አሉ። ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር መደዋወል ብቻውን ጥያቄ ያስነሳ ነበር። ከሪፖርቱ ለኔ ጎልቶ የሚታየኝ፣ ቀድሞ የሚያዘው ሰውየው መሆኑ ነው፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 10,000 ስሕተት ኪሳራው አይደለም። እንዲያውም «ሁሉን ያውቃሉ» የሚለው ወሬ ራሱ ግማሹን ሥራ ይጨርስለታል። ወሬ ደግሞ ሰርቨር አይፈልግም፣ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል።

የመጽሐፉ ስምም ለኛ ሲነበብ ይገለበጣል። ዶክተሮው ርዕሱን ያበጀው የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ተንተርሶ ነው። እዚያ ሁሉን የሚያየው ገዢ «ታላቅ ወንድም» ይባላል፤ የዶክተሮው ልጆች ታናሾቹ መሆናቸው ነው። እሺ፤ አገና ላይ ታላቅ ወንድም ማለት ማነው? መርካቶ ሱቅ ያለው፣ የደብተርና የዩኒፎርም የሚልክ፣ ለመስቀል ሲገባ ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ሲም ካርዱ የወጣው በሱ ስም ነው። ፓስወርዱን የሞላልሽ እሱ፣ ፌስቡኩን የከፈተልሽ እሱ። የምትጽፊውን ገብቶ ቢያነብ ከፍቅሩ ብዛት ነው። ማርከስ ይህን ዓይነት ተመልካች አያውቀውም። የራሱ ክፍል አለው፣ የሚዘጋ በር አለው፣ በገዛ እጁ የገጣጠመው ላፕቶፕ አለው። የኛ ልጅ ግን አንዱን ስልክ ከሁለት እህቶቿ ጋር በተራ ነው የምትነካው። «ማንም የማያየው መሣሪያ ይኑርህ» የሚለው የመጽሐፉ የመጀመሪያ ትምህርት እዚህ ከመነሻው መሬት አልያዘም።

ጉራጌ አገር ያደገ ሰው ጀፎረን ያውቃል፦ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚተያዩበት ሰፊው የሣር መንገድ። ሰርጉም ለቅሶውም ከብቱም የሚያልፈው በሱ ነው። በጀፎረ ላይ ሳይታዩ ማለፍ የለም። ይህን «የድሮ ስለላ» ብሎ መሳለቅ ቀላል ነበር፤ አንዳንድ የከተማ ጸሐፊም እንደዚያ ሲል ሰምቻለሁ። አልስማማም። ጎረቤቴ እማማ ከደጃፋቸው ሆነው ሲያዩኝ እኔም አያቸዋለሁ። ከማን ጋር እንደቆምኩ ለእናቴ ቢነግሩባት፣ ማን እንደነገረ ሳይመሽ አውቃለሁ፤ ነገ ቡና ላይ እንገናኛለን። የስልኩ ዓይን ግን ያየኛል እንጂ አላየውም። ልዩነቱ ይኼ ነው፤ «ሊትል ብራዘር» ለዚህ ልዩነት ቃል የለውም። ለመታየት ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፣ አለመታየት። እንደኛ ባለ ትንሽ ከተማ ደግሞ በድንገት የማይታይ የሆነ ልጅ ነው ቀድሞ የሚጠየቀው። «ምን ሆኖ ነው በሩን የሚዘጋው?»

ዶክተሮው ይህን ጭራሽ አልጠረጠረም ማለቴ አይደለም። የማርከስ ጓደኛ ጆሉ ኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ከዚያ ሆኖ የሚያየውን ይነግረዋል፦ የተመሰጠረ ነገር በብዛት የሚልክ ሰው፣ ይዘቱ ባይነበብ እንኳ፣ ከሌላው ሰው ጎልቶ ይታያል። ቁልፉ ቤቱን ያስጠረጥራል ማለት ነው። መጽሐፉ ችግሩን ያነሳና በቴክኒክ ዘዴ ፈትቶት ያልፋል፤ ሁሉም ሰው ብዙ ከመሰጠረ ማንም ጎልቶ አይታይም ይላል።

እኛ አገር ነገሩ የክስ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። የዞን 9 ጦማርያን በ2004 ዓ.ም. መጻፍ የጀመሩ የአዲስ አበባ ወጣቶች ናቸው። ስማቸውን ያወጡት ከቃሊቲ እስር ቤት ነው፤ እስር ቤቱ ስምንት ዞን ነበረው፣ ከአጥሩ ውጭ ያለነው ሁላችን ዘጠነኛው ነን ማለታቸው ነበር። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስቱ ጦማርያን፣ አጥናፍ ብርሃኔ፣ በፍቃዱ ኃይሉ፣ ማኅሌት ፋንታሁን፣ ናትናኤል ፈለቀ፣ ዘላለም ክብረትና አቤል ዋበላ፣ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተያዙ። ከወራት በኋላ በጸረ ሽብር ዐዋጁ፣ በዐዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለው የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና ነው። ማንም ከኢንተርኔት የሚያወርደው መመሪያ ነው፤ ፓስወርድ እንዴት ይመረጣል፣ ኢሜይል እንዴት ይመሰጠራል የሚል። ማርከስ ለአንባቢው በየምዕራፉ የሚያስተምረው ነገር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ መንግሥት ቁልፉን መስበር አላስፈለገውም። ቁልፍ መያዙን መማር ራሱ ለክሱ በቃ። አምስቱ ሰዎች በ2007 ማብቂያ ላይ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ ፍርድ ቤትም ጥቅምት 5 ቀን 2008 የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፤ በፍቃዱ ላይ ብቻ ሌላ ክስ ቀረበት። ከዓመት ተኩል በኋላ መሆኑ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ማርከስ የሚዋጋው በሐሰተኛ ስም ነው፤ መረቡ ላይ «ማይኪ» ነው፣ ፊቱን የሚያውቀው የለም። የዞን 9 ልጆች በገዛ ስማቸው ይጽፉ ነበር። መጽሐፉ ድፍረትን ከጭምብል ጋር አጋብቶ ያያል፤ የኛው ታሪክ ድፍረትን ያስመዘገበው በሙሉ ስም ከነአባት ነው። የትኛው ብልህነት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። ልብ ወለድ የሚጻፍበት ቦታ ግን እዚህ መሐል ነው።

ወደ ጆሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም የዚህ ጽሑፍ ነገር እሱ ነው። ሙሉ ስሙ ሆሴ ሉዊስ ነው፣ ላቲኖ ነው። በመጽሐፉ መሐል ላይ ለማርከስ በቃኝ ይለዋል። ምክንያቱን ሲያስረዳ አይጮኽም፦ እኛ ሁለታችን አንድ ጥፋት ብናጠፋ የሚደርስብን አንድ አይደለም፤ አንተ ነጭ ነህ፣ እኔ የቆዳዬ ቀለም ዋጋ ያስከፍለኛል። በኔ ግምት ከመጽሐፉ ገጾች ሁሉ ምርጡ ይኼ ነው። እዚህ ጋ መጽሐፉ ለአፍታ ስለ ኮምፒውተር ማውራቱን ትቶ ስለ ዋጋ ያወራል፤ ማን ቢያዝ ምን ያጣል፣ ቤተሰቡስ ምን ያጣል። ግን ዶክተሮው ጆሉን አክብሮ ይሸኘውና ካሜራውን ይዞ ከማርከስ ኋላ ይሮጣል። እኔ ደግሞ ጆሉን ተከትዬ ቤቱ መግባት ነበር የፈለግሁት። እራት ላይ እናቱን ምን አላት? ዜና ሲታይ ፊቱን ወዴት አዞረ? ዝም ያለ ሰው ሁሉ ፈሪ ነው ብሎ የሚያምን ልብ ወለድ ስለኛ ሊጻፍ አይችልም፤ አብዛኞቻችን ጆሉዎች ነንና።

መጽሐፉ ሳያውቀው ወደኛ የሚቀርብበት ትዕይንት አንድ አለ። ልጆቹ ውቅያኖስ ዳር ባለ ፍርስራሽ ይሰበሰቡና የምስጠራ ቁልፎቻቸውን ፊት ለፊት ይለዋወጣሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ኮምፒውተር ማንን ማመን እንዳለብኝ አይነግረኝም፤ እኔ አንተን አውቅሃለሁ፣ አንተ እሷን ታውቃታለህ፣ ስለዚህ በአንተ በኩል አምናታለሁ። ይህን ለአገና ልጅ ለማስረዳት ሦስት ገጽ አያስፈልግም። ዋስ ነው! ዕቁብ የጣለ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ቀድሞ የወጣለት ሰው ለምን ዋስ እንደሚጠራ፣ ዋሱ ሲክድ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ምስጢራዊ ቋንቋም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የሴሜቲክ ቋንቋዎች ተመራማሪው ዎልፍ ሌስላው፣ በጉራጌ «ሙየት» በሚባለው ማኅበር ውስጥ የነበሩ ልጃገረዶች የሚነጋገሩበትን፣ ሌላ ሰው የማይገባውን ንግግር መዝግቦ አሳትሟል። ልጃገረዶች! የአሥራዎቹ ዕድሜ ምስጠራ ከሳን ፍራንሲስኮ የተዋስነው አይደለም። ስለዚህ ቅር የሚለኝ ቴክኒኩ ባዕድ በመሆኑ አይደለም፤ ትዕይንቱ ዋስነትን እንደ ድግስ ማሳየቱ ነው። የኛ ሰው ዋስ መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ ስለሚያውቅ ነው ፊርማው ላይ እጁ የሚንቀጠቀጠው።

ትልቁ ጠቤ ግን ከመጨረሻው ጋር ነው። ማርከስ የሆነውን ሁሉ ለአንዲት ጋዜጠኛ ይነግራል፣ ታሪኩ ይታተማል፣ እሱ ተይዞ እየተሠቃየ ባለበት ሰዓት የክፍለ ግዛቱ ፖሊሶች በሩን ሰብረው ይገባሉ። ሕገ መንግሥቱ በሰዓቱ ደረሰለት። ዶክተሮው አገሩን በጣም ያምናል፤ ይህ ነው ከሁሉ በላይ ፈጠራ የሆነብኝ። እውነተኛውን ልንገራችሁ። በማርከስ አገር፣ አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ አሜሪካዊ ነበረ። ፍርድ ቤት የሚያውቀው «ኪዳኔ» በሚል ምስጢራዊ ስም ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ ፕሮግራም ገብቶ ለወራት ሲቀዳው ቆየ፤ እሱም የኢትዮጵያን መንግሥት እዚያው አሜሪካ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ ሰውየው አልተሰለለም የሚል አልነበረም። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፣ የታሰበውም የተላከውም ከውጭ ነው፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥትን እዚህ መክሰስ አይቻልም የሚል ነበር። በማርከስ ከተማ ቢሆን ፖሊስ በር ሰብሮ ይገባ ነበር። ለኪዳኔ ግን በሩ በሥርዓት፣ በጨዋ ቋንቋ ተዘጋበት።

ዶክተሮው ያልጠረጠረው ሌላው ነገር የሰላዩ ዝርክርክነት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጠላት ብቁ ነው፣ ንጹሕ ዩኒፎርም ለብሷል። የኛው ታሪክ ግን ግማሹ ኮሜዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳው ሲቲዝን ላብ፣ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሠራው ሰላይ ፕሮግራም በውጭ ላሉ የኢሳት ባልደረቦች እንደተላከ ይፋ አደረገ። በዓመቱ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና 400 ጊጋባይት ምስጢሩ አደባባይ ተዘረገፈ፤ ኢንሳ ደንበኛው እንደነበር እዚያው ታየ። በ2017 ደግሞ ሌላ ምርት፣ የእስራኤሉ ሳይበርቢት፣ ሐሰተኛ የፍላሽ ማሻሻያ እየመሰለ ለኦሮሞ አክቲቪስቶችና ለሌሎችም ሲላክ ተያዘ። እንዴት ተያዘ? የሥራ መዝገቡ ማንም ሊያየው በሚችል ሰርቨር ላይ ክፍት ተትቶ ነበር። በብዙ ዶላር የሰው ቤት ቁልፍ ገዝቶ የራሱን በር ሳይዘጋ የሚሄድ ሌባ አስቡ። የሚያስቀው ግን እዚህ ላይ ሆኖ ሲነበብ ነው፤ የተላከበት ሰው አይስቅም።

የአሥራዎቹ ልጆቻችንስ? አመፅ እንበለው አንበለው አላውቅም፣ ግን የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የ2008ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ፤ ድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ፤ በዓመቱ ለፈተና ሲባል ኢንተርኔት ጠፋ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲታገዱ ቪፒኤን የማይጭን ተማሪ እኔ አላገኘሁም። ቪፒኤን የጫኑት ለነፃነት አይደለም፣ ለቲክቶክ ነው። ይህን ሰምቶ የሚያፌዝ ካለ የማርከስን ታሪክ መጀመሪያ ያስታውስ፤ እሱም ከክፍል የጠፋው ለጌም ነበር። ዶክተሮው ይህን በትክክል አይቷል። ልጅ ስለ መብት ከማንበቡ በፊት ጨዋታው ሲቋረጥበት ነው አጥሩን የሚነካው።

በአማርኛ የስለላ መጽሐፍ አላጣንም። ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን እየተዋስን ያደግን ብዙ ነን። እነዚያ ላይ ግን ጀግናው ሰላዩ ነው፤ የሚሰለለው ሰው አንድ ገጽ ላይ ታይቶ ይጠፋል። በዓሉ ግርማ በ«ኦሮማይ» መንግሥትን ከውስጥ ሆኖ ሲያሳይ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም በየካቲት 1976 ወጥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደራሲ ዙሪያውን እያየ መጻፉ አይገርመኝም። ቢሆንም አሁን ፋይዳ ቁጥር እየተሰጠን፣ ባንኩም ቴሌውም እሱን እየጠየቀን ነው። መታወቂያው ክፉ ነው እያልኩ አይደለም፤ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅም በ2016 ወጥቷል። አንድ ቁጥር የእናትሽን ሲምና የዕቁብ ብርሽን የሚያስቀምጡበትን ሂሳብ ሲያገናኝ ምን ዓይነት ታሪክ ይወለዳል የሚለውን ግን ሊጠይቅ የሚችለው ልብ ወለድ ነው።

የጀመረ ሰው አውቃለሁ። እዚሁ አገና ያለች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስሟን እንዳልጠራ፣ ታሪኩን ግን እንድተርክ ፈቅዳልኛለች። በቴሌግራም በ14 መልእክት የጻፈችው ነው። ዓመቱ 2025 ዓ.ም. ነው። ሞባይል ጥገና የሚሠራ ልጅ አለ። ሥራውን ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን በስሙ የማይጠራው አንድ ሰውዬ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ያመጣለታል። ስክሪኑ መሥራቱ እንዲሞከር ፓስወርዱን ነግሮት ቡና ሊጠጣ ይሄዳል። ልጁ ለአንድ ሰዓት ስልኩ በእጁ ነው። ሲከፍተው የስም ዝርዝር ያያል፤ ከላይ ያለው ለዕቁቡ ዋስ የሆነው አጎቱ ነው። ስክሪኑን ይቀይራል፣ ሙሉ ሒሳብ ይቀበላል፣ ስልኩን ይመልሳል። ማታ አጎቱ ቤት ሄዶ ቆጮ ይበላል። ስላየው ነገር አንድም ቃል አይተነፍስም፤ ከወትሮው ግን አምሽቶ ይቆያል።

ከ«ሊትል ብራዘር» መጨረሻ ይልቅ ይህ እራት ያስፈራኛል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተከራክረናል። በ14ኛው መልእክት ላይ ልጁ ለምን ዝም እንዳለ ታስረዳለች፤ ፍርሃቱንም ፍቅሩንም በሁለት አንቀጽ ዘርዝራዋለች። ቁረጪው፣ ቆጮው ራሱ ነግሮናል አልኳት። እምቢ አለች። «ካላስረዳሁ ፈሪ ነው ይሉታል» አለችኝ። አሁንም መቆረጥ አለበት ባይ ነኝ። እሷ ግን 15ኛውን እየጻፈች ነው፤ ሰውየው ተመልሶ መጥቷል፣ ስልኩ ቻርጅ አልይዝ ብሎታል።